ሳትገባ ጠብቅ

ጥር 6፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። "በሰው ላይ ከምትጮህ እዚህ ላይ ጩህ" ብላ ነው። እኔ በማንም ላይ አልጮህም። ድምፄ ከተፈጥሮው ትልቅ ነው፤ የሞተር ድምፅ አጠገብ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ድምፁ ትልቅ ቢሆን ምን ይገርማል?

ለማንኛውም ልጀምር። ዛሬ የበረራ ፈቃዴን ይዤ ሄድኩ። መስኮት አራት ተባልኩ። መስኮት አራት ላይ ያለችው ሴትዮ ፈቃዴን ተቀብላ ፊቱንም ጀርባውንም አየችው፤ ወደ ብርሃኑም አነሳችው። ሐሰተኛ ብር የተሰጣት ባለሱቅ ነው የመሰለችኝ። ከዚያ መስታወቱ ኋላ ሆና አንድ ነገር አጉረመረመች።

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊው እንጂ" አልኳት።

"ጌታዬ፣ እየጮህኩ ነው" አለችኝ።

ሰልፉ ሳቀ። ይሳቅ። ያን ሁሉ ዓመት ውጭ አገር ዋና አብራሪ ሆኜ፣ በስተኋላዬ ያንን ሁሉ ሰው ይዤ፣ በጭጋግ ውስጥ አውርጄ፣ ዛሬ "ይሄ እዚህ አያስበርርም" ተባልኩ። ፈቃዱን የሰጠው አገር ትክክለኛነቱን አረጋግጦ መጻፍ አለበት። የአየር ሕግ ፈተና አለ። የሕክምና ምርመራ አለ። ከፈታኝ ጋር የሙከራ በረራ አለ። ደግሞ እዚህ ትንንሾቹ ሜዳዎች ላይ ሬዲዮ የሚያወሩት በአማርኛ ስለሆነ የሬዲዮ አነጋገር መማር አለብኝ አሉ። እናቴ ያስተማረችኝን ቋንቋ ልፈተን ነው እንግዲህ!

ሊቀጥረኝ ያሰበው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የአብራሪውን ወንበር እስከ መጋቢት ይጠብቅልኛል። መንገድ የማይደርስባቸው ቦታዎች ሰው የምታመላልስ ትንሽ ድርጅት ናት። ትንሽ ብትሆንም አውሮፕላን አላት። ውጭ አገር እሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ማንም ሌላ ወንበር አላሳየኝም።

ጥር 8፣ ረቡዕ

የማረጋገጫው ደብዳቤ አልመጣም። ነገ ጠይቅ።

ለልጄ ጫማ ገዛሁ። ባለቤቴ ጠዋት ስወጣ ከጓዳ "ስትገዛ ደውልልኝ" ብላኝ ነበር፤ ገዝቼ ስከፍል ደወልኩ። ተቆጣች። "ሳትገዛ ደውልልኝ ነው ያልኩህ! ቁጥሯ ተቀይሯል ልልህ ነበር።" ጫማው ጠበባት። ባለሱቁ አልመልስም አለ።

"አንተ እኮ አትሰማም" አለች።

ስትናደድ የምትወዳት ቃል ናት። ከተጋባን ጀምሮ አልሰማም። ሰው የምሰማ ብሆን አብራሪም ባልሆንኩ፤ አባቴ "መሬት ላይ ያለ ሥራ ፈልግ" ብሎ ነው የሞተው።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

የማረጋገጫው ደብዳቤ መጣ፤ የአየር ሕግ ፈተናውንም አለፍኩ። ወረቀት ላይ የሚያክለኝ የለም። አብረውኝ የተፈተኑት ጢማቸው ያልጠና ልጆች ናቸው፤ "አባት፣ እርስዎ ምን ያደርጋሉ እዚህ?" ይሉኛል። አባት! ሃምሳ እንኳ በደንብ አልሞላኝም።

ከፈተናው በፊት በነበረው ገለጻ ላይ መምህሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። አብራርቼ መለስኩ። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ለካ የጠየቀኝ ስለ ነዳጅ ሳይሆን ስለ ነፋስ ኖሯል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ነው የሚያወራው፤ ለሰሌዳው ያስተምር እንግዲህ። አንዱ ልጅ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ አየሁት። ምን እንዳለ አልያዝኩትም፤ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ግን ከፊቱ ያስታውቃል። ሥርዓት የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ጥር 23፣ ሐሙስ

የሕክምና ምርመራ። ዓይን ደህና፣ ልብ ደህና፣ ደም ደህና። ለጆሮ ግን አንዲት ጠባብ፣ ሳጥን የመሰለች ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፤ ማዳመጫ ጭነው አንድ ቁልፍ አስያዙኝ። "ድምፅ ሲሰማዎት ይጫኑ" አለች ባለሙያዋ። ከመስታወቱ ወዲያ ተቀመጠች።

ማዳመጫው የተበላሸ ነው። ግራው ጭራሹን ሞቷል፤ ቀኙም ቀጫጭን ድምፅ ላይ ይጠፋል። ይህን ብነግራት "ማሽኑ ትናንት ነው የተስተካከለው" ትለኛለች፤ ወረፋ፣ ቀጠሮ፣ ደብዳቤ፣ እንደገና መስኮት አራት። እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም። ከኋላዋ የብረት ቁምሳጥን አለ፤ አዝራሩን ስትጫን ጥላዋ እዚያ ላይ ይታያል። ትከሻዋ ዝቅ ባለ ቁጥር ተጫንኩ። አንዳንዴ ሆን ብዬ ዘገየሁ፤ ሁሉንም ካገኘሁ ትጠረጥራለች። አብራሪ ሰው አንዱ መሣሪያ ሲበላሽበት በሌላው ይሄዳል፤ ያስተማሩን እንዲያ ነው።

"የልጅ ጆሮ ነው ያለዎት" አለችኝ። ማህተም መታችልኝ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር።

"ጆሮህንም አዩት?"

"አዩት።"

"እና?"

"የልጅ ጆሮ ነው አሉ። ደስ ይበልሽ እንጂ!"

ትኩር ብላ አየችኝ። "ደስ ብሎኛል" አለች፤ ከዚያ ውሃው ቀዘቀዘብኝ ብላ ተነሳች። ሴት ልጅ ምን እንደምትፈልግ መቼም አይገባኝም።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

በረርኩ!

ትንሽ አውሮፕላን፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ አሮጌ። ግን በረርኩ። እጄ ምንም አልረሳም። መንኮራኩሩ ከመሬት ሲላቀቅ እንባዬ መጣ፤ አብሮኝ ያለው መምህር እንዳያይ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሰው በሙሉ ጉንዳን የሚያክልበት ቦታ ላይ ስሆን መስኮት አራትም፣ የባለቤቴ እህት ግቢ ውስጥ ያለችው አንድ ክፍላችንም፣ ልብሴን በር ኋላ መስቀሌም ምንም አይደለም። ይህን ቢወስዱብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሌላ የምችለው ነገር የለም።

ሬዲዮው ግን አይረባም። መምህሩ ሁለት ጊዜ በእኔ ፈንታ መለሰ። "ካፒቴን፣ የመቆጣጠሪያ ማማው ጠርቶን ነበር" አለኝ። ማማው ላይ ያለችው ልጅ ድምፅዋ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ቃሉን ግማሹን ትውጠዋለች። ሥራውን ለማን እንደሚሰጡት አያዩም?

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ፈታኜን ዛሬ አስተዋወቁኝ። ሽበታም፣ ረጅም፣ ከኔ ትንሽ የሚበልጥ ሰው። ሲያወራ ድምፁ አይወጣም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጢሙ ደግሞ ከንፈሩን ይሸፍነዋል። "ሹክሹክታ" የሚል ስም አወጣሁለት። አብሮኝ ለሚጠብቅ አንድ ተፈታኝ ስነግረው ግራ ገባው።

"ሹክሹክታ? እሱ ሰውዬ? እንዴ፣ ሲቆጣ እኮ ከዚህ እስከ በሩ ይሰማል!"

ልጁ ቀልድ አይገባውም።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ሚጢ ማማ ሆናልኝ የሬዲዮ አነጋገር አጠናን። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጭልፋ እንደ ማይክራፎን ይዛ አልጋ ላይ ወጣች። "ማማ እባላለሁ፤ ማነህ አንተ?" ስትል ባለቤቴ እንኳ ሳቀች። ብዙ ቀን ነበር ሳቋን ካየሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም መለስኩ። በኋላ ሚጢ "የእውነት ማማ አይታይም" ብላ መጋረጃ ኋላ ገባች። ያኔ ተሳሳትኩ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግሜ።

"አባዬ፣ ፊቴን ካላየህ ትሳሳታለህ" አለች ብቅ ብላ።

"መጋረጃው ነው" አልኳት።

"መጋረጃ እኮ ስስ ነው።"

የልጅ ነገር። ባለቤቴ ሳቋን አቁማ ድስት ማጠብ ጀመረች። ድስቱ የታጠበ ነበር።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ፣ ቀን

ወደቅሁ። ልጽፍ አልችልም። አንዲት ቃል! በአንዲት ቃል!

ያው ቀን፣ ማታ

አሁን ተረጋግቻለሁ። በሥርዓቱ ልጻፈው።

በረራው ራሱ እንከን አልነበረውም። ሞተር አጥፍቶ ሲፈትነኝ ጎበዝ ነበርኩ። ሹክሹክታ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ። ወርደን፣ ዞረን፣ ለሁለተኛ መነሻ ወደ መንደርደሪያው ስንጠጋ የማማዋ ልጅ ጠራችን። እኔ የሰማሁት "ግባ፣ ጠብቅ" ነው። ግባና መስመሩ ላይ ሆነህ ጠብቅ። ውጭ አገር በየቀኑ የሚባል ነገር ነው፤ ስንት ሺህ ጊዜ ገብቼ ጠብቄያለሁ። "ገብቼ እጠብቃለሁ" ብዬ መልሼ ፍሬኑን ለቀቅኩ።

ሹክሹክታ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቆመ። ግንባሬ ሊመታ ጥቂት ነው የቀረው። ልናገረው ስዞር ከላያችን ጥላ አለፈ። አንዲት አውሮፕላን፣ መንኮራኩሯን ዘርግታ፣ ልንገባበት የነበረው ቦታ ላይ አረፈች። መስኮቶቿ ሙሉ ሰው ነበር። ፊታቸውን አየሁ።

ያለችው "ሳትገባ ጠብቅ" ነው። ሳትገባ።

አሁን ይህ የኔ ጥፋት ነው? እኔ ከመጣሁበት አገር "ከመስመሩ ወዲህ ቁም" ነው የሚባለው፤ መግባት የሚል ቃል ጨርሶ አይነሳም። እነዚህ ግን መግባትን ለመከልከልም መግባት ይላሉ። አንዲት "ሳት" ከፊቱ ለጥፈው የሰው ነፍስ ያንጠለጥሉባታል! እንዲህ ዓይነት አነጋገር ያወጣውን ሰው ነው መፈተን።

ሹክሹክታ አውሮፕላኑን ራሱ እየነዳ መልሶ አቆመ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማዳመጫውን አወለቀ፤ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ቀስ ብሎ ተናገረ። ይህን ሰማሁት።

"ካፒቴን፣ እንዳልሰሙ ልጻፍ ወይስ አነጋገሩን ገና እንዳልለመዱ?"

"አነጋገሩን ነው" አልኩት። "እኛ ጋ እንዲህ አይባልም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

ጢሙን ዳሰስ አደረገ። "እሺ። እንዳልለመዱ እጽፋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጡ።" ወርዶ ሄደ። ጨዋ ሰው ነው ለካ። ሹክሹክታ ማለቴን ልተው ይሆን?

ለባለቤቴ "የአነጋገር ልዩነት ነው" አልኳት። የዚያችን አውሮፕላን ነገር አልነገርኳትም። ለምን አስጨንቃታለሁ?

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ባለቤቴ ከእህቷ ጋር ደጅ ሲያወሩ በመስኮት በኩል ሰማሁ። ሙሉውን አይደለም። "…አይሰማም… እኔ ነኝ የማውቀው… ፈራሁ…"። ሥራው እንዳይቀርብኝ መፍራቷ ነው። ምክር አይሰማም ትለኛለች፤ ለእህቷም እኔን ማማት ጀመረች። እራት አልበላሁም። ማንም ብላ አላለኝም፤ ወይ ብለውኝ ይሆናል።

ፍቅር ሲያረጅ እንዲህ ነው መሰለኝ። ድሮ ጆሮዬ ሥር መጥታ ነበር የምታወራኝ። አሁን ሁሌ ፊት ለፊት ቆማ፣ አፏን እያፍታታች፣ እንደ ተማሪ ታናግረኛለች።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

አለፍኩ!

እንዴት እንዳለፍኩ ለራሴ ብቻ ልጻፍ። ሁለቱን ሳምንት ሜዳው አጥር ላይ ቆሜ ዋልኩ። የትኛዋ አውሮፕላን ከወዴት እንደምትመጣ፣ ነፋሱ ሲዞር በየት በኩል እንደሚያስነሱ፣ ማማዋ መቼ ምን እንደምትል ሸመደድኩ። ሰማይ ላይ የምትቀርብ አውሮፕላን ካለች "ሳትገባ" ነው፤ ከሌለች "ገብተህ" ነው። ዓይን ያለው ሰው ምን ጆሮ ያስፈልገዋል? የማዳመጫውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። የቀረውን ከፈታኙ እጅና አንገት አነበብኩ፤ ማማዋ ስትጠራ አንገቱ ትንሽ ቀና ይላል።

አንድም አልሳትኩም። ሲፈርምልኝ እስክሪብቶውን ይዞ ቆየት አለ።

"ቤተሰብ አለዎት?" አለኝ።

"አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።"

"ትደግልዎት" አለና ፈረመ። ምን ለማለት እንደፈለገ አላውቅም። መልካም ምኞት ሳይሆን አይቀርም።

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ፈቃዱ እጄ ገባ። መስኮት አራት ላይ ያለችው ሴትዮ ራሷ ናት የሰጠችኝ። "እንኳን ደስ አለዎት" ስትል ከንፈሯን አየሁት። ሥራ አስኪያጁ ጋ ስደውል "ሰኞ ና፣ ወንድሜ" አለኝ። የሚቀጥለው ሰኞ። ዋና አብራሪ። ትከሻ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ ሳይቀር።

እራት ላይ ሚጢ ፈቃዱን ከእጄ አልለቅም አለች። ፎቶዬን እያየች "እዚህ ላይ የተቆጣህ ትመስላለህ" ብላ ሳቀች። "ቅዳሜ ትንሿን አውሮፕላን ተከራይቼ አወጣሻለሁ፤ ቤታችንን ከላይ ታያለሽ" አልኳት። ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ስታይ ፊቷ ተቀየረ። እጇን ከአንገቴ ላይ አወረደች።

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አንድ ነገር ብላለች ማለት ነው።

"ምን አልሽ?" አልኩ ዞሬ።

"ልጄን ይዘህ አትወጣም።"

"ለምን?"

"አትሰማም።"

"ጀመረሽ ደግሞ! የትኛውን ምክርሽን ነው ያልሰማሁት? ይኸው ፈቃዱ፣ ይኸው…"

"ምክሬን አላልኩም" አለች። አልጮኸችም። "ጆሮህን ነው። ሦስት ጊዜ ጠራሁህ እኮ አሁን፣ እዚሁ ከኋላህ ቆሜ። ሦስት ጊዜ በስምህ።"

ሚጢን አየኋት። ሚጢ መሬት መሬት ታያለች።

"ሐኪሞቹ…" አልኩ።

"ለሐኪሞቹ ምን እንዳደረግህ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሰኞ ሂድ። አልከለክልህም፤ ብከለክልህም አትሰማም። የሰውን ልጅ ይዘህ ውጣ። የሰው ልጅ እናት አታውቅማ። እኔ ግን አውቃለሁ።"

ሳህኖቹን ሰበሰበች።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

አላናግራትም። ያን ሁሉ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው፣ በደስታዬ ቀን! ምቀኛ እንኳ እንዲህ አያደርግም።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ልብሱን ተኮስኩ። ራሴ። እሷ ልተኩስልህ አላለችም።

ሁሉም አብራሪ ትንሽ ትንሽ ይቀንስበታል። የማላውቀው አለ? የድሮ አለቃዬ ግራ ጆሮው ጭራሽ አልነበረም፤ ጡረታው ድረስ በረረ። ረዳት አብራሪ ለምንድን ነው ያለው? እሱ ይሰማል፣ እኔ አበርራለሁ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ከሜዳው ተመልሼ ነው የምጽፈው። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

ጠዋት ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ረዳቴ ቀልደኛ ልጅ ነው፤ በቀኜ በኩል እንዲሄድ አደረግሁና ሁሉን ሰማሁት። አውሮፕላኗን ዞሬ አየሁ፣ ነዳጁን አየሁ። መንገደኞቹ ሲመጡ መሰላሉ ሥር ቆሜ ተቀበልኳቸው፤ ድሮም እንዲህ ነበር የማደርገው፣ ሰው የሚያበርረውን ሰው ፊት ሲያይ ደስ ይለዋል። አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ መጨረሻ ላይ መጣች። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር። የሕፃኑ እግር ፋሻ ተጠቅልሎበታል፤ ለሕክምና የምትወስደው ይመስለኛል። ቆመችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሞተር አልተነሳም፣ ነፋስ የለም።

"…ልግባ፣ ጌታዬ?" የምትለውን ሰማሁ።

"ግቢ፣ ግቢ" አልኳት። መሰላሉን በእጄ አሳየኋት።

አልገባችም። ዓይን ዓይኔን እያየች ቆመች። ሌላ መልስ ትጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ እኔ ግን የሰማሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ አንገቷን ደፍታ መሰላሉን ወጣች።

ረዳቴ ከጎኔ ሳቀ። "አይ ካፒቴን! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? 'ሳልፈራ ልግባ ወይ?' ብላ እኮ ነው የጠየቀችዎት። 'አይዞሽ' እንኳ አይሏትም? እንደ ወታደር 'ግቢ' ብቻ!"

እሱ ለቀልድ ነው ያለው።

መሰላሉ ላይ ሁለት ደረጃ ወጣሁ። ከውስጥ ሕፃኑ ሲያለቅስ አፉ ሲከፈት አየሁ። ድምፁ አልመጣም። እናቱ በእርግጠኝነት ሰምታዋለች፣ ረዳቴም ሰምቶታል፣ ከኋላ ወንበር ያለው ሽማግሌ እንኳ ዞር ብሎ አየ። እኔ የአፉን መከፈት ብቻ ነው ያየሁት።

ወረድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው በር ላይ ነበር። "ምነው፣ ምን ጎደለ?" አለኝ።

"ዛሬ አልበርም" አልኩት። "ሌላ ሰው ጥራ።"

"አመመህ?"

"ጆሮዬ አይሰማም።"

ብዙ ተናገረ። ከንፈሩ ሲፈጥን መከተል አቃተኝ። ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ለመስኮት አራት ይመልሰው። አጥሩ ጋ ስደርስ ሌላ አብራሪ በሩጫ ሲገባ አየሁ፤ ልብሱን እየቆለፈ ነበር። አውሮፕላኗ ስትነሳ መሬቱ በጫማዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ በዚያ ነው መነሳቷን ያወቅሁት። አልዞርኩም። ብዞር እንደ ሕፃን እንደማለቅስ አውቄያለሁ።

ባለቤቴ አሁን ገባች። መድኃኒት ቤቱ ድረስ ደውለውላት ነው መሰለኝ። በሩ ላይ ቆማ ልብሴን አየችው፣ ደብተሩን አየችው።

"ሰማሁሽ" አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ወደ ምድጃው ሄደች። ምንም አላለችኝም። ወይም ብላኝ ይሆናል፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።